ከመሐል አንድ እርምጃ ወደ ግራ

አሰልጣኟ ለክለቡ ጽሕፈት ቤት ያስገባችው ሪፖርት እንዲህ ይላል፦ «በስድሳ ሦስተኛው ደቂቃ የማዕዘን ምት ሲሻማ በረኛችን ኳሱን በቡጢ ለማውጣት ዘልላ ከራሳችን ተከላካይ ጉልበት ጋር ተጋጨች። ወደቀች፤ አሥር ሴኮንድ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ያለማንም እርዳታ ተነሳች። ደህና ነኝ አለች። ከዚያ በኋላ የተመቱባትን ሁለት ኳሶችም ይዛለች።»

ወጌሻዋ በማስታወሻ ደብተሯ ላይ የጻፈችው ደግሞ ይህ ነው፦ «63ኛ ደቂቃ። በግራ ጎኗ ወደቀች። ዓይኗ ተከፍቷል፤ ግን አያይም። ሦስት ጊዜ ጠራኋት። ከሃያ ሴኮንድ በላይ። ስትነሳ የቀኝ ጓንቴን አምጪልኝ አለችኝ። ጓንቱ እጇ ላይ ነበር።»

ሁለቱም አይዋሹም። አሰልጣኟ የቆመችው በሜዳው ማዶ፣ ከተጠባባቂዎቹ ወንበር ፊት ነበር፤ በእሷና በወደቀችው በረኛ መካከል ሰባት ስምንት ተጫዋቾች ነበሩ። ወጌሻዋ ከግቡ ጀርባ ነበረች፤ ግን የተጨነቀ ሰው ሴኮንድ ሲቆጥር ያበዛል። ሊያስታርቃቸው የሚችለው የእኔ ካሜራ ነበር። እኔ የቡድኑ ቪዲዮ ቀራጭ ነኝ። ካሜራዬ ኳስ ይከተላል፤ ሥራው እሱ ነው። ኳሱ ወጥቶ ወደ ተቃራኒው ግብ ሲበር ተከትዬው ሄድኩ። ስመለስ በረኛዋ ቆማለች። በመሐል ሃያ ሦስት ሴኮንድ አለ። በእነዚያ ሃያ ሦስት ሴኮንዶች እህቴ ምን እንደሆነች የሚያሳይ ምስል የለኝም።

አዎ፣ በረኛዋ እህቴ ናት። በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። ኳስ እጇ ላይ ስለሚጣበቅ ቡድኑ በሙሉ «ሙጫ» ይላታል፤ እቤትም ቢሆን እናታችን በመዝገብ ስሟ የምትጠራት ስትቆጣ ብቻ ነው።

እናታችን በላውንድሪ ቤት ልብስ ተኳሽ ናት። የልጇን ጨዋታ አንድ ቀን አይታ አታውቅም። ጨዋታ ባለ ቁጥር ካውያዋን ይዛ ትቆማለች፤ ሲያልቅ እደውልላታለሁ። ውጤት አትጠይቅም። የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «በእግሯ ወጣች?» የዚያን እሁድም «አዎ እማዬ፣ በእግሯ» አልኳት። እውነት ነበር።

ወጌሻዋ እሁድ ዕለት ሙጫ ትቀየር ብላ በሁለት እጇ ምልክት ሰጥታ ነበር። ግን ቅያሪ አልቋል። በማግስቱ አሰልጣኟና እሷ በሩን ዘግተው ሲነታረኩ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። በመጨረሻ ክርክሩን ፈተናው ይፍታው ተባባሉ።

ፈተናው እንዲህ ነው። በየዓመቱ ውድድር ሳይጀመር እያንዳንዷ ተጫዋች ወጌሻዋ ክፍል ያለው ኮምፒውተር ፊት ትቀመጣለች። ቃላት ያሳያትና መልሰሽ ንገሪኝ ይላታል። ቅርጾች ያሳያታል። ቀለም ሲቀየር ቶሎ ቁልፍ ተጫኚ ይላታል። ያን ቀን ያመጣችው ነጥብ የጤነኛ ጭንቅላቷ መለኪያ ሆኖ ይቀመጣል። በኋላ ጭንቅላቷን ከተመታች እንደገና ትፈተናለች፤ ከራሷ መለኪያ ዝቅ ካለች ቀይ፣ ካላለች አረንጓዴ። ቀይ ማለት ሦስት ሳምንት ከሜዳ መራቅ ነው።

ማክሰኞ ሙጫ ተፈተነች። አረንጓዴ። ያውም ከመለኪያዋ በሁለት ነጥብ በልጣ።

አሰልጣኟ ከደስታዋ ብዛት ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «ከመመታቷ በፊት ከነበረችው በልጣለች! እናንተንም አንድ አንድ ጊዜ በጉልበት ላስመታችሁ እንዴ?»

«እኔን አስቀድሚኝ ኮች፣ የመንጃ ፈቃድ ፈተና አለብኝ» አለች ሁለተኛዋ በረኛ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሙጫም ሳቀች።

ያልሳቀችው ወጌሻዋ ብቻ ነበረች። እንደ ልማዷ የኮፍያዋን ጥላ ዓይኗ ላይ ዝቅ አድርጋ ስክሪኑን ታይ ነበር። ወጌሻዋ የቀድሞ የቡድኑ አምበል ናት፤ የመሐል ተከላካይ። በግንባሯ የገጨችው ኳስ አጥቂ በእግሩ ከሚመታው ይጠነክራል ይባልላት ነበር። ተጫዋቾቹ «እትዬ» ይሏታል። ክፍሏ ሁሌም ድንግዝግዝ ያለ ነው፤ መጋረጃ ይዘጋል፣ መብራት ይጠፋል። «ክለቡ ለእትዬ የመብራት ቁጠባ ሜዳሊያ ይሸልማት» እያልን እንቀልድባት ነበር። ግድግዳው ላይ ቁርጥራጭ ነጭ ፕላስተሮች ለጥፋ በእስክሪብቶ ትጽፍባቸዋለች፤ የተጫዋቾች ሕክምና ቀጠሮ ይመስለኝ ነበር።

አረንጓዴው ሁሉንም ደስ ያሰኘበት ሌላም ምክንያት ነበረው። ቅዳሜ ከባሕር ማዶ የመጣ መልማይ ጨዋታችንን ያያል። የሚያየው ሙጫን ነው። የሁለት ዓመት ውል፣ የራሷ ቤት፣ የበረኛ አሰልጣኝነት ትምህርት። እኛ ጋ ሴት ተጫዋች የምትፈርመው ለአንድ የውድድር ዓመት ነው፤ ሲያልቅ ስልኳን አጠገቧ አድርጋ ትጠብቃለች። ሙጫ ሃያ ዘጠኝ ሞልቷታል።

ረቡዕ ከሰዓት ከሥራ ስመለስ ሕንጻችን ደረጃ ላይ ቁልፍ ሲፍጨረጨር ሰማሁ። አንዴ ይገባል፣ ይዞራል፣ እምቢ ይላል፣ ይወጣል። እንደገና ይገባል። ችኮላ የለውም። ወደ ሁለተኛ ፎቅ ስወጣ ሙጫን አገኘኋት፤ የጡረተኛው መምህር በር ላይ በእኛ ቤት ቁልፍ እየታገለች። እኛ የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ነው። እዚያ ሕንጻ ውስጥ ዐሥራ ስድስት ዓመት ኖረናል።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ኧረ እምቢ አለኝ እኮ። እማዬ በሩን ቀየረችው እንዴ?»

«ሙጫ፣ ይሄ የመምህሩ ቤት ነው።»

በሩ ላይ ያለውን ቁጥር አየች። እኔን አየች። ከዚያ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ዘግይቶ መጣ፣ ሰው ያልገባውን ቀልድ ሌሎች ሲስቁ አይቶ እንደሚስቀው።

«ደክሞኛል። እግሬ ሁለት ፎቅ ይበቃኛል አለ» አለች።

«ከቆምሽ ቆየሽ?»

«አሁን መድረሴ ነው።»

እግሯ ሥር የተቀመጠው ከረጢት ውስጥ ከክለቡ ያመጣችው በረዶ ነበር። በረዶ መሆኑ ቀርቷል። ውሃው ከከረጢቱ ወጥቶ ወለሉን አቋርጦ ደረጃውን ሦስት እርከን ወርዷል፤ ጠርዙ ላይ መድረቅ ጀምሯል። 

«ለማንም እንዳትናገር» አለች ክንዴን ይዛ። ጣቶቿ ጠንካሮች ናቸው፤ የበረኛ ጣት። «ማልልኝ።»

«እሺ አልኩሽ።»

«እሺ አይደለም። ማልልኝ አልኩህ።»

«እማዬ ትሙት» አልኩ። ምን ያድርግ የኔ አፍ።

እቤት ገብተን እናታችን ምሳ ስታቀርብ ሙጫ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ተቀመጠች። «እማዬ የታለች?» ብላ ጠየቀችኝ። እናታችን አጠገቧ ቆማ ሳህን እያስቀመጠች ነበር። እናቴ ቀልድ መስሏት «አለሁልሽ፣ ገና አልቀበርሽኝም» አለቻት። 

ሐሙስ ልምምድ ነበር። በረኞች ግባቸውን የሚለኩበት የየራሳቸው መንገድ አላቸው። ሙጫ መጀመሪያ የግራውን ቋሚ በመዳፏ ትነካለች፣ ከዚያ የቀኙን፣ ከዚያ እየቆጠረች ወደ መሐል መጥታ በተረከዟ መሬቱን ከግቡ መስመር ወደፊት ትጭረዋለች። ያ ጭረት መሐሏ ነው። ኳስ ፊቷ ሲመጣ ዞራ ግቡን ማየት አያስፈልጋትም፤ ጭረቷን አይታ የት እንደቆመች ታውቃለች። አንድ ጊዜ ለቀልድ በሜትር ለክቼባታለሁ። የተሳሳተችው በሁለት ጣት ነበር፤ እሷም «ሜትርህ ነው የተበላሸው» ብላኛለች።

ካሜራዬን ከግቡ ጀርባ፣ ከፍ ባለው ማማ ላይ ተክዬ ነበር። ቋሚዎቹን ነካች። ቆጠረች። ጫረች። ጭረቱ ከመሐል አንድ ሙሉ እርምጃ ወደ ግራ ነበር።

መጀመሪያ ዓይኔን ጠረጠርኩ። ከዚያ የካሜራውን ሌንስ። ከዚያ እየደገመች እዚያ ላይ ስትቆም፣ ኳስ በቀኟ በኩል እየተከታተለ ሲገባ አየሁ። ባዶው የቀኝ ማዕዘን አፉን ከፍቶ ነበር፤ እሷ ግን አታየውም። ትዘላለች፣ አትደርስም፣ ተነስታ ወደዚያችው ጭረት ትመለሳለች፤ ልክ ጡረተኛው መምህር በር ላይ እንደነበረችው፣ ሳትናደድ፣ ሳትቸኩል።

«ሙጫ ውሃ ገባባት እንዴ?» ብላ አንዷ አጥቂ ጮኸች።

«ኳሱ ነው የሚታጠፈው!» አለች ሙጫ።

ሁሉም ሳቁ። ኳስ ሊያቀብላት የቆመችው ሁለተኛዋ በረኛ ብቻ ጭረቱን አየች፣ ግቡን አየች፣ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ኳሱን አቀበለቻት። ብትናገር የሙጫን ቦታ ፈልጋ ነው ይሏታላ።

ዓርብ ጠዋት ምስሉን ይዤ ወጌሻዋ ክፍል ገባሁ። መሐላዬን እያፈረስኩ መሆኑን አውቃለሁ። ደረጃ ስወጣ በእናቴ መማሌን እያሰብኩ ነበር፤ በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም ብዬ የማስብ ሰው ነኝ።

የቁልፉን ነገር ነገርኳት። «እማዬ የታለች?» ያለችውንም። ከዚያ ምስሉን ከፈትኩላት። ጭረቱን እንዳየች ፊቷን አዞረች። ደንግጣ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን «የስክሪኑን ብርሃን ቀንስልኝ» አለች። ቀነስኩ። «አሁንም ቀንስ።»

ምስሉ ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው ቀና ብላ እስከ መጨረሻው አየችው።

«አረንጓዴው ውሸት ነው» አለች።

«ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ነው?»

«ኮምፒውተሩ ምን አደረገ? መለኪያዋ ነው ውሸት። ውድድር ሳይጀመር ስትፈተን ከወንበሯ ጀርባ ቆሜ ነበር። ከአምስቱ ቃል ሁለቱን ዝለያቸው አልኳት። ቀለሙ ሲቀየር በልብሽ አንድ ብለሽ ቆጥረሽ ተጫኚ አልኳት። ጤነኛ ሳለሽ ደደብ ሆነሽ ከተመዘገብሽ፣ የተመታሽ ቀን ማንም ከሜዳ አያወጣሽም።» ፊቷን ከስክሪኑ መለሰች። «እሷን ብቻ መሰለህ? እኔንም ያስተማረችኝ አምበሌ ነበረች። ገና ቡድኑን ስትቀላቀይ ማልያ ይሰጡሻል፣ ቁጥር ይሰጡሻል፣ ይሄንንም ይሰጡሻል። ሦስት ሳምንት መቀመጥ ማለት ውል ማጣት ነዋ! ማን ይጠብቅሻል?»

«ማክሰኞ ለምን ዝም አልሽ?»

«ቀይ ይመጣል ብዬ። ከውሸቱ መለኪያም በታች ወርዳ ትገኝ ብዬ ጸለይኩ። ዝም ብዬ ብቀመጥ ማሽኑ ይናገርልኛል ብዬ።»

ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ዓይኔ ጨለማውን ለምዶት ስለነበር ፕላስተሮቹ ላይ የተጻፈውን ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። የማንም ሕክምና ቀጠሮ አልነበረም። «ምድጃውን አጥፊ።» «አሰልጣኟ የጠየቀችሽን መልሰሻል፤ ደግመሽ አትመልሺ።» «የእህትሽ ልጅ ተመርቋል፤ ተማሪ ቤት እንዴት ነው አትበይው።» ከሁሉም በታች፣ ዳሩ ቆሽሾ የቆየ አንድ ነበር፦ «ቤትሽ ቡናማው በር ነው።»

ወጌሻዋ ሳነበው እያየችኝ ነበር።

«ስድስት ዓመቱ ነው» አለች። «መጀመሪያ በር ነው የጠፋኝ። እንደ እሷ።»

ከዚያ በፊት ፈርቼ አላውቅም ማለት ይቻላል። ፍርሃት ይመጣና ይሄዳል ብዬ አስብ ነበር፤ ያኔ ግን ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ታዲያ ተናገሪያ!»

«ከተናገርኩ ነገ እዚህ የለሁም። ፈተና ያጭበረበረች ወጌሻ ማን ይቀጥራል? ከእኔ ጋ የተጫወቱት የት እንዳሉ ታውቃለህ? ክንፍ ተጫዋቻችን የታክሲ ሹፌር ናት፤ እሷ ጎበዝ ናት። አምበሌ እህቷ ቤት ነው ያለችው፣ ብቻዋን አያስወጧትም። ከሁላችን ክለብ ውስጥ ሥራ ያገኘነው ሁለት ነን፣ ኮችና እኔ። የምረሳቸውን ነገሮች ከግድግዳ ላይ የማነበው እዚህ ስለሆንኩ ነው። ሌላ ቦታ ማን እንዲህ እንድለጥፍ ይፈቅድልኛል?» ኮፍያዋን ዝቅ አደረገች። «እስከ ነገ ተወኝ።»

ሁለተኛ ሰው ዝም በል አለኝ። ሁለተኛ ጊዜ እሺ አልኩ።

እቤት ስገባ እናታችን ከሥራ አልተመለሰችም። ሙጫ በጨለማ ክፍል፣ በመስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅላ ተኝታ ነበር። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ሄደህ ነገርካት፣ አይደል?»

«አዎ።»

«ምሎ ከዳተኛ። እማዬ ብትሞት በአንተ ነው።» ልትቀልድ ሞክራ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ስማኝ፤ የሆነ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ዓይኔን ስጨፍን አልጋው ይሄዳል። ግን ነገ ከቀረሁ የሚመጣውንም አውቀዋለሁ። ዘጠና ደቂቃ ነው። ዘጠና ደቂቃ ብቻ እንዳልመታ ጸልይልኝ፤ ሰኞ ሐኪም ቤት አንተ ራስህ ውሰደኝ።»

«ብትመቺስ?»

«የኔ ወንድም፣ ዐሥራ አራት ዓመት በረኛ ነኝ። በቀን ስንቴ ነው ይሄን የምትጠይቁኝ?»

«ዛሬ ገና አሁን መጠየቄ ነው።»

 በጨለማው ውስጥ እጇ እጄን ፈልጎ ያዘው።

ቅዳሜ ጠዋት እናታችን የሙጫን ማልያ ራሷ ተኩሳ፣ አጣጥፋ፣ ሁለት ጊዜ ዳሰሰችው። ሙጫ ቀድማ ወርዳ ነበር። እናቴ በሩ ላይ እጅጌዬን ያዘችኝ። ሁሌም ጨዋታው ሲያልቅ ነበር የምትጠይቀኝ።

«በእግሯ ትወጣለች?» አለች።

ካሜራዬን እንደያዝኩ ወረድኩ። 

የመልበሻ ክፍሉ መብራት ነጭ ነው፤ ከጣሪያው ላይ ይፈጃል። ሃያ ሁለት ሴቶች በወንበሮቹ ላይ ተደርድረዋል። የቡድን ምስል የምቀርጸው እዚያ ስለሆነ ወደ በሩ ተጠግቼ ቆምኩ። አሰልጣኟ የአሰላለፉን ወረቀት ይዛ ገባች። ጭንቅላቷን ተመትታ የነበረች ተጫዋች ከተሰለፈች ወጌሻዋ በስሟ ትይዩ መፈረም አለባት፤ ያለዚያ ዳኛው ወረቀቱን አይቀበልም።

«በረኛ፣ ሙጫ» አለች አሰልጣኟ። ጭብጨባ ሆነ። «መልማዩ ከክብር ትሪቡኑ ግራ ተቀምጧል፤ አትዩት፣ ኳሷን እዩ። እትዬ፣ ፈርሚና እንስጠው፣ ዳኛው በር ላይ ነው።»

ወጌሻዋ እስክሪብቶውን ተቀበለች። ሙጫ ጓንቷን እያጠለቀች ነበር። የቀኙን ጨርሳ የግራውን ጀምራለች። የግራውን ጓንት ቀኝ እጇ ላይ፣ በለበሰችው ጓንት ላይ ደርባ ልታጠልቅ ትሞክር ነበር። ይስባታል፣ አይገባም፣ ታወጣዋለች፣ እንደገና ትሞክራለች። አልቸኮለችም። ከጎኗ ያለችው ሁለተኛዋ በረኛ ቀስ ብላ እጇን ይዛ ጓንቱን ወሰደችባት።

ወጌሻዋ ኮፍያዋን አወለቀች። ብርሃኑ ፊቷ ላይ ሲያርፍ ዓይኖቿ ተጨማደዱ፤ ግን አልጨፈነቻቸውም። እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አጋደመችው።

«ምነው?» አለች አሰልጣኟ። «አረንጓዴ እኮ ናት።»

«አረንጓዴው የእኔ ሥራ ነው።»

«እትዬ» አለች ሙጫ። የምትለምን ልጅ ድምፅ ነበር፤ እቤትም ሰምቼው አላውቅም። «እትዬ፣ በእናትሽ።»

 ከውጭ የተመልካቹ ድምፅ በግድግዳው ውስጥ እንደ ውሃ ይመጣል። ወጌሻዋ አሰልጣኟን አላየችም፤ እያንዳንዳቸውን፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ስማቸውን በልቧ እንደሚቆጥር ሰው አየቻቸውና መጨረሻ ላይ ሙጫ ጋ ቆመች።

«አልፈርምም» አለች። «ሙጫ ዛሬ ሜዳ አትገባም። ፈተናውን ሆን ብላ እንድትወድቅ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ እዚህ ካላችሁት ዘጠኛችሁንም እንደዚሁ ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ። አሁን ወጥቼ ለዳኛው እነግረዋለሁ፤ ከዚያ ለጽሕፈት ቤቱ።»